ፒካፔ አትፈታም

«ብረት ነው፤ ለብረት አይለቀስም» አለኝ ታላቅ ወንድሜ ሰላሁዲን፣ የፒካፔ ሞተር ነክሶ አልዞርም ያለ ዕለት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመርካቶ ጅምላ ሻጮች ካርቶን እየጫንኩ በየሱቁ ያደረስኩባት መኪና ናት። ሊብሬዋ ግን ከአባታችን የወረስናት ስለሆነች በሁለታችን ስም ነው። እሱ ገዢ አግኝቶላት ቁጭ ብሏል፤ ፈታትቶ በመለዋወጫነት የሚሸጣት ሰውዬ። እኔስ? እኔማ የእሱ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ልለካ! ሞቼ እገኛለሁ!

«እሁድ እስከ ቀትር ነድተሽ ከግቢ ካወጣሻት ያንቺ ትሁን» አለኝ እየሳቀ። «ካልሆነ ሰውዬው ይፈታታታል።»

«እንዳወጣኋት ቁጠረው!»

ጋራዥ ብሄድ የሳምንታት ወረፋ ነው። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር አመጣሁና አማኑኤል ጀርባ ያለው ግቢያችን ውስጥ ራሴ ልገጥመው ቆረጥኩ። ስትጠገን ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ! ሞተር ግን በእጅ አይነሳም። ማንሻ ሰንሰለት ተዋስኩ፤ የሚንጠለጠልበት ግን የለኝም። ዓይኔ የእድራችን ድንኳን ብረቶች ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?» አሉ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ኪዳነ ማርያም። «ይሄ ዕቃ የሚወጣው ለሐዘን ወይ ለሰርግ ነው።»

«ሐዘን ነው እኮ ጋሼ! እንጀራዬ ሞቶ ድንኳን ሊተክሉልኝ ከሚመጡ፣ ዛሬ ብረቱን ቢያውሱኝ ምን አለበት?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ሰው ከሞተ በዚያው ሰዓት ይመለሳል» አሉና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ።

ሦስት ብረት አናታቸው ላይ በገመድ አስሬ በመኪናዋ አፍንጫ ላይ አቆምኳቸው። አሮጌው ወጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላው ገባ። ቁልፉን ሳዞረው ተነሳ! እልል ልል ስል ፍሪሲዮን ረገጥኩና ማርሽ ለማስገባት ሞከርኩ። ጥርሱ ይፋጫል እንጂ አይገባም። ያኔ ገባኝ፤ የፍሪሲዮኑን ሸራ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ክብ ዲስክ፣ ገልብጬ ነው የገጠምኩት። ራሴን በጥፊ ባልኩት!

ሞተሩን መልሼ ላወጣ ሰንሰለቱን ሳጠብቅ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከላይ ሰፈር ሰው ሞቷል። ጋሼ ኪዳነ ማርያም አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ገመዱን ራሴ ፈታሁ፤ ሰው ሞቶ ምን ይባላል?

ሰላሁዲን ይሄን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። «በቃ፣ አላህም አልፈቀደም። ሰውዬውን በጠዋት ላምጣው?»

«በቀጠሮህ ና!»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ግን በንዴት ነው።

እሁድ ገና ሲነጋ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ትልልቅ ድንጋይ ላይ አቁሜ ስሯ ተጋደምኩ። ሸራው ያለው በሞተሩና በካምቢዮው፣ በማርሽ ሳጥኑ፣ መሀል ነው። ሞተሩን ወደ ላይ ማውጣት ካልቻልኩ ካምቢዮውን ወደ ታች አላወርደውም? ኧረ እኔ ደንቆሮ! ይሄ መጀመሪያውኑም ብረት አያስፈልገውም ነበር። ቡሎኖቹን ፈታሁና ካምቢዮውን በደረቴ ተቀበልኩት። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ሸራውን ወደ ትክክለኛ ፊቱ መልሼ ገጠምኩ። መመለሱ ባሰ፤ በጣውላና በጉልበቴ እየደገፍኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ሦስቴ ወድቆብኝ በአራተኛው ገባ።

የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ ከመኪናዋ ጎን አራት እግር ቆሞ አየሁ። ሁለቱ የወንድሜ ናቸው። ሰውዬው መፍቻ የሞላ ጆንያውን ጧ አድርጎ መሬት ላይ ጣለው።

«ውጪ በቃ» አለኝ ሰላሁዲን። «ራስሽን አትግደዪ።»

ወጣሁ። ፊቴ ግሪስ፣ ክርኔ ደም ነው። መኪናዋን ከድንጋዩ አወረድኩ፣ ገባሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሽ አስገባሁ። ምንም አልጮኸም። ወላሂ፣ ምንም!

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አነሳና «ይቺማ መኪና ናት እኮ» አለው ለወንድሜ፣ ተቆጥቶ።

«ሰላሁዲን!» አልኩት አንገቴን በመስኮት አውጥቼ። «ቀትር አልሞላም። በሩን ክፈት!»

ሰውዬውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሄደና ሁለቱንም የግቢውን በሮች በገዛ እጁ ወለል አድርጎ ከፈተልኝ።