ባለአረንጓዴ እጀታው ድስት

በቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ያለእኔ ፈቃድ ማንኪያ አይነቃነቅም። ከኋላዬ ጄኔራሏ ይሉኛል፤ እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል። ቆጣ የሚል ሰው ከሌለ ሽንኩርቱ ያርራል፣ ሾርባውም ውሃ ውሃ ይላል።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነርሷ በአዳራሹ ስለ ኤችአይቪ ታስተምራለች። በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ ትናገራለች፤ ሳትመረመሩ አትጋቡ ትላለች፤ ስለ ኮንዶም ስታወራ እንኳ ድምጿን ዝቅ አታደርግም። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። አሁን ጥያቄ የሚያበዙት እነሱ ናቸው። እኔና ሴቶቹ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ አቅም ላነሳቸው ሰዎች ሾርባ ሠርተን በየቤታቸው እናደርሳለን።

ያስቸገረን ድስት ነበር። አንዴ ከወጣ አይመለስም። የመጋቢያችን ባለቤት ነገሩ ሲያንገፈግፋት ጊዜ ለታማሚ ቤት የሚወጡትን ድስቶች እጀታቸውን አረንጓዴ ቀባችው። ሁላችንም እሰይ አልን። ድስቶቹም እየተመለሱ ገቡ። ቀለሙ ከደጅ ደጅ ወሬ ይዞ እንደሚዞር ግን አንዳችንም አላሰብንም።

የእህቴ ልጅ ፀጉር አስተካካይ ነው። እናቱ ካረፈች ወዲህ እናቱም አክስቱም እኔ ነኝ። ቫይረሱ እንዳለበት የምናውቀው እሱ፣ ነርሷና እኔ ብቻ ነበርን። መድኃኒቱን በየጠዋቱ ይውጣል፣ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ሲሠራ ደግሞ እጁ ወርቅ ነው። ባለፈው ወር ክፉ ጉንፋን ያዘውና አላስበላ አለው። ከሴቶቹ አንዷን «ለልጄ ሾርባ አድርሺለት» አልኳት። እሷም ምንም ሳታውቅ ቅርብ ያገኘችውን ባለአረንጓዴውን ድስት አንስታ ሄደች።

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ከመንገዱ ማዶ መኪና የሚያስጠግነው ባለጋራዥ ወንበሩ ላይ ነበር። ግማሽ ጢሙ ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና ሳሙና ውስጥ ነው። በመስታወቱ ውስጥ እጀታውን አየ፣ ምላጩን አየ፣ ከዚያ ፎጣውን ከአንገቱ ገፎ ብድግ አለ። «ሥራ አለብኝ» ብሎ በግማሽ ጢሙ መንገዱን ተሻገረ። ግማሽ ጢም ይዞ ያለፈን ሰው ምን ሆንክ ሳይለው የሚቀር ሰፈር የለም። በማግስቱ የልጄ ወንበሮች ባዷቸውን ዋሉ፤ ከዚያም ሱቁን ዘጋ።

ቤቱ ስሄድ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ።

«አክስቴ፣ ሾርባ ከሆነ አልፈልግም።»

«ባዶ እጄን ነኝ። መድኃኒትህን ዋጥክ?»

በሩን ሊገፋ ሲል እግሬን አስገባሁበት።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ትቼዋለሁ። የምነካው ሰው ከሌለ ጤና ምን ያደርግልኛል? ዕቃዬን ሸጬ ማንም የማያውቀኝ ቦታ እሄዳለሁ።»

ደሜ ፈላ፤ በእሱ ሳይሆን በዚያ ድስት። ፈራሁም። መድኃኒት አቋርጠው የወደቁ ሰዎችን በእነዚህ እጆቼ አጥቤያለሁ፤ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሄን ልጅ አላጥብም አልኩ ለራሴ።

ወጥ ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግራቸው፣ የልጄን ምስጢር ሳላነሳ፣ የመጋቢያችን ባለቤት አለቀሰች።

«ዛሬውኑ ቀለሙን እንፋቀው» አለች።

«የለም» አልኳት። «አሁን ብንፍቀው እውነትም የሚያሳፍር ነገር ነበረ ይባላል። ይልቅ ሌላ ቆርቆሮ ቀለም አምጪ።»

ያለንን ድስት ሁሉ አረንጓዴ ቀባን። ከዚያ በኋላ ለወለደችም፣ ቤት ለቀየረም፣ ጥርሱን ለተነቀለም ሾርባ ሄደ። መጋቢያችን ራሳቸው አንዱን በመንገዱ መሐል ይዘው ቤታቸው ገቡ። ትልቁን ድስት ግን ለማንም አልሰጠሁም። ራሴ ተሸክሜ ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩኝ የባለጋራዡ በር ላይ ዱብ አደረግኩት።

እሑድ ነርሷ ልትጀምር ስትል ባለጋራዡ አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ አዳራሹ ገባ።

«እትዬ፣ ያንን ድስት ማን አዘዘልኝ? ሰው ሁሉ በሽታ አለበት እያለኝ ነው። ትናንት አንድ ደንበኛዬ እጄን ሳይጨብጥ ሄደ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ሾርባ ነው» አልኩት። «አንተን በጥቂት ቀን እንዲህ ካንገበገበህ፣ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን ሰው አስበው።»

ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ እየጎተትኩ ያመጣሁት ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ብቻ ነው። ተነሣ። እኔ ተነሥ አላልኩትም።

«ጋሼ» አለ፣ «ያን ዕለት ድስቱ የመጣው ለእኔ ነው። ቫይረሱም አለብኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እኔ የወንበር ጠርዝ ያዝኩ።

«ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ነው የማወጣው። የእርስዎንም እያዩኝ ነው የከፈትኩት» አለ ልጄ። ከዚያ ፕላስተሩን አተኩሮ አየው። «አገጭዎን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ራሴ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

መጀመሪያ የሳቁት መጋቢያችን ናቸው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ በመጨረሻም ፕላስተሩን ይዞ ባለጋራዡ ራሱ። ሳቁ ሲበርድ ቁጭ ብሎ ስለ ምላጭ፣ ስለ ደም፣ ስለ ፎጣ ነርሷን ጠየቃት፤ ጥያቄው እስኪያልቅበት መለሰችለት። ስትጨርስ ልጄን ወደ ጎን ወስዳ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚቀጥል አነጋገረችው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ተከፈተ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ነበር፤ ወለሉ ንጹሕ ቢሆንም እጠርግ ነበር። ባለጋራዡ ሰላም ብሎ ገባና ያንኑ ወንበር ያዘ። ልጄ አዲስ ምላጭ አወጣ፤ ከዚያ አስቀመጠው። ድሮ መድኃኒቱን የሚውጠው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ዛሬ ከመሳቢያው አወጣውና መስታወቱ ፊት ቆሞ ውሃ ቀዳ።

ባለጋራዡ በመስታወቱ ውስጥ መድኃኒቱን አየ። እኔ መጥረጊያዬን ጭብጥ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሊወጣ ቢነሣ የሚያልፈው በእኔ ላይ ነው።

«ቀስ ብለህ ዋጠው» አለው። «እኔ አልቸኩልም።»