ለምጥ የተቀመጠ ቁጥር

እናቴ ፋናዬ ክሊኒኩ ደጅ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ስብከቷን ጀመረች።

«ሀሌሉያ፣ ስሚኝ። ዶክተሯ ‘ከአስር ስንት ያምሻል?’ ስትልሽ ዘጠኝ እንዳትዪ።»

«ማሚ፣ ዘጠኝ እኮ ነው!»

«አሁን ዘጠኝ ካልሽ ለምጥ ምን ልታስቀሪ ነው?»

አይ እናቴ! ቁጥር የሚያልቅ ይመስላታል። እዚህ አሜሪካ፣ ሊቶኒያ ከተማ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎቹን «ፔይንዎ፣ ሕመምዎ ስንት ደረሰ?» እያለች ስትዞር የምትውለው እሷ ናት። አንዱ ጉልበቴን ካለ ነርስ ፍለጋ ትሮጣለች። የቸርቹን ሰው ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች የምትመክረውም እሷው ናት። እኔ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ባኞ ቤት ወለል ላይ ተጣጥፌ ስተኛ ግን «ሴት መሆን ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ትለኝና ትራስ አቀብላኝ፣ በላዬ ተሻግራ ጥርሷን ትቦርሻለች።

ባለፈው ወር ኬሚስትሪ ክላስ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ትምህርት ቤቱ ከእንግዲህ ከቀረሽ ክላሱን ትደግሚያለሽ ብሎኛል። በፊት ያየኝን ዶክተር እናቴ ቀድማኝ «ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» አለችው፤ እሱም አመነና ማስታገሻ ውሰጂ ብሎ ሸኘኝ። የዛሬዋ ስፔሻሊስት ካላመነችኝ አበቃልኝ።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ነርሷ በሩን ከፍታ «ሀሌሉያ!» ብላ ስትጣራ፣ ጥግ የተቀመጡ ባለ ኮፍያ አሜሪካዊት እናት «ኤሜን!» አሉ። እናቴም «አሜን!» አለች። እኔ ብቻ ተነሳሁ።

የእናቴ እንግሊዝኛ ለሥራዋ ይበቃል። ለማህፀን ጉዳይ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አማርኛም የላትም። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራችላት። ወንድ ሆኖ ቁጭ!

«ናትናኤል እባላለሁ፣ እናቴ።»

«ተባረክ ልጄ። ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እ… ዶክተሯ ስለ ልጅዎ… ስለ… ልማደ አንስት…» ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ቦርሳዋን አቅፋ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «ሕመሙ ሲጠናብሽ ከአስር ስንት ነው?»

እናቴ እግሬን ረገጠችኝ።

«ሦስት» አልኩ። አፌን ይቁረጠው! ዶክተሯ ስትጽፍ ክላሱን ስደግም ታየኝ፤ እንባዬ መጣ።

«ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው ሰው አለ ወይ ትላለች» አለ ናትናኤል።

«ኧረ የለም! ሁላችንም ጤነኞች ነን።»

«እርስዎስ በልጅነትዎ እንዴት ነበሩ?»

«እኔማ እንደ ማንኛዋም ሴት ነበርኩ። ያው፣ አልጋ ስር እገባለሁ። ሲሚንቶው ስለሚቀዘቅዝ ሆዴን ለጥፌበት ነጠላ እነክሳለሁ። አንዳንዴ ያስመልሰኛል፣ አንዳንዴ ራሴን እስታለሁ። ሌላ ምንም የለብኝም።»

ናትናኤል ቀስ እያለ ተረጎመ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምጥስ እንዴት ነበር ትላለች?»

እናቴ በኩራት ፈገግ አለች። «ምጥማ ምን አላት! አዋላጆቹ ራሳቸው ‘ጎበዝ’ ብለውኛል። ምጥ እኮ ከወር አበባዬ በስንት ጣዕሙ…»

እኔን አየችኝ። ቦርሳዋ ከጭኗ ተንሸራቶ ሲወድቅ አላነሳችውም።

«እናቴ፣» አለ ናትናኤል በለሆሳስ፣ «ልተርጉመው?»

«ተርጉመው» አለች።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች። ሴት ልጅን ወለል ላይ የሚጥል ሕመም ሴት መሆን አይደለም አለች። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲበቅል እንዲህ ያሳምማል፤ በዘርም ይሄዳል። እሱ መሆኑን ለማወቅ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ግን ሕመሙ ሳይበረታ የሚጀመር መድኃኒት አለ፣ ለትምህርት ቤቱም እጽፍላታለሁ አለች።

እናቴ ሰምታ ሰምታ ስልኩ ላይ ጮኸች። «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዘመን አልጋ ስር ምን እሠራ ነበር? ናትናኤል! ሰው አልነበረም እንዴ የሚነግረኝ?»

«እኔ… እኔ እንጃ እናቴ» አለ ምስኪኑ።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። እጇን ያዝኩት።

ዶክተሯ እንደገና ጠየቀችኝ። ከአስር ስንት?

የእናቴን እግር አየሁ። ሁለቱንም ወንበሩ ስር አስገብታቸዋለች።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«ዘጠኝ ብለህ ንገርልኝ ልጄ» አለች እናቴ፣ እኔ በእንግሊዝኛ የተናገርኩት ያልበቃ ይመስል። «ለምጥ አንዱ ይበቃታል።»