የሜሪ ክኒን

ብሪቱ እናቷን አጥባ፣ አብልታና ፀጉራቸውን አበጥራ ስትጨርስ የምታገኘው ምርቃት የእህቷ ነበር። «ተባረኪ የኔ ሜሪ» ይሏታል እናቷ ወይዘሮ ኦብሴ። ሜሪ ነቀምት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ እነ ብሪቱ ወዳሉበት ባምባሲ ብቅ የምትለው በዓመት አንዴ ነው። «እኔ እኮ ብሪቱ ነኝ፣ እማዬ» ስትላቸው፣ «ብሪቱማ መች መጣች?» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ።

አንድ ቀን የእናቷን ሣጥን ስታጸዳ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች አገኘች። ወይዘሮ ኦብሴ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ሰውነታቸው ድንገት እየነደደ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሜሪ የላከችላቸው የማረጥ ሙቀት ማስታገሻ የሆርሞን ክኒን ማሸጊያ ነው። ክኒኑን ሦስት ዓመት ወስደውታል። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ ማለት እንደ ሜሪ!» ሲል ብሪቱ ሰምታ ዋጥ አድርጋዋለች።

ማሸጊያውን ይዛ አሶሳ ሄደች። ዶክተር ሙንታሲር አገላብጦ አየው።

«ይህን ዓይነቱን ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ በጀመሩ ሴቶች ላይ የመርሳት በሽታ በዛ ብሎ የታየበት ጥናት አለ» አላት።

ብሪቱ ከወንበሯ ተነሣች። «እናቴን እንዲህ ያደረገቻት እህቴ ናት ማለት ነው?»

«አላልኩም። ሳይወስዱ የሚታመሙ ብዙ ናቸው፤ ወስደው የማይታመሙም እንዲሁ። የእናትዎ ከምን እንደመጣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።»

ብሪቱ የፊተኛውን ብቻ ይዛ ወጣች። መናኸሪያ ሳትደርስ ደወለች። «ሐኪሙ አረጋግጧል፤ እማዬን የጎዳት ያንቺ ክኒን ነው።»

ሜሪ አልተከራከረችም። «መጣሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ፊቷ በለቅሶ አብጦ ባምባሲ ደረሰች። እናቷ እግር ላይ ተደፍታ «ይቅር በይኝ፣ እማዬ» ስትል፣ ወይዘሮ ኦብሴ ግራ ገብቷቸው ወደ ብሪቱ ዞሩ።

«ሜሪ፣ ይህቺ እንግዳ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው? ውሃ ስጫት እንጂ።»

ብሪቱ ስንት ጊዜ የተመኘችው ይህንኑ፣ ሜሪ እንግዳ ስትባል መስማትን፣ ነበር። ውሃውን ስታቀብላት ግን ሜሪ «አንቺም ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ሐኪሙ እንደዚያ አላለም» አለች ብሪቱ። «አይታወቅም ነው ያለው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ለምን?»

«የማበላት እኔ፣ የምትጠራው ግን አንቺን!»

ሜሪ ብርጭቆውን አስቀምጣ በሩን በርግዳ ወጣች። ሲመሽ ብትመለስም ሦስት ቀን አላናገረቻትም። በአራተኛው ቀን ነቀምት ደውላ ፈቃዷን አራዘመች፤ «ጠዋት ጠዋት እኔ አበላታለሁ፤ አንቺ ተኚ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ብሪቱ አልጋዋ ላይ ሆና የእናቷንና የእህቷን ድምፅ ስትሰማ ያው ቅናት ቆነጠጣት። ቢሆንም እስከ ረፋድ ተኛች።