ዱቄት ውስጥ የተደበቀችው ፑሌጃ

ይህ ንፋስ ይበርዳል ወይስ ይብስበታል? ማንን ልጠይቅ? ድሮ ባሌ፣ ሽማግሌዬ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ በመስኮት ያወጣና ይነግረኝ ነበር። እሱ ከሞተ ዓመት አለፈው፤ መስኮቱም ተዘግቶ ቀረ።

የልጅ ልጄ መተዳደሪያዋ ካይት ነው፤ በገመድ ተይዞ በንፋስ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ሸራ። በር የሚያክለውን ካይት የሰፋላት ሽማግሌዬ ነው፤ ሥራው ሸራ መስፋት ነበር። እሷ ካሜራ ታንጠለጥልበትና የሰውን መሬትና ጣራ ከላይ ፎቶ ታነሳለች። ማውጣቱስ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማውረዱ ላይ ነው። ንፋስ ሲበረታ ገመዱ እንደ ቢላ እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ ገመዱን መሬት ላይ ከተተከለ ካስማ ጋር ያስሩት ነበር። ከዚያ እሱ ፑሌጃዋን፣ ያቺን እጀታ ያላትን ትንሽ ጎማ፣ ገመዱ ላይ አጥልቆ ወደ ታች እየተጫነ ወደ ካይቱ ይራመድ ነበር። በተራመደ ቁጥር ካይቱ ዝቅ ይል ነበር። እጁ ገመዱን አይነካም ነበር።

አሁን ብቻዋን ናት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የጣራው ቆርቆሮ በንፋስ ሲንኳኳ፣ ፑሌጃዋን ከከረጢቷ አውጥቼ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀበርኳት። ማውረጃ ከሌላት ከቤት አትወጣም ብዬ ነዋ!

«እማማ፣ ፑሌጃዬን አይተሻል?»

«እኔ ምን አውቄ! ዕቃሽን የትም እየጣልሽ።»

«እዚህ ከረጢት ውስጥ ነበረች እኮ።»

«ዛሬ ቢቀርብሽስ? ይሄ ንፋስ በሬ ይጥላል።»

«ታዲያ እኔ በሬ ነኝ? ያዘዘኝ ሰውዬ ፎቶውን ዛሬ ነው የሚፈልገው። በአባባ ጓንት አወርደዋለሁ።»

እየሳቀች ወጣች። የሽማግሌዬ ጓንት መዳፉ ሳስቶ እንደ ወረቀት ሆኗል። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ «ዋሽቼሽ ነው» የሚለው ግን አልወጣ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሁለቱም መዳፎቿ ተልጠዋል።

«ብለቀው ካሜራው ሰው አናት ላይ ይወርድ ነበር» አለችኝ።

አጠብኳት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩላት። ከዚያ ፑሌጃዋን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ጎማዋ ላይ ያለውን ዱቄት አየችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እንዳትወጪብኝ ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«አባባ ይህቺን የሠራልኝ እንዳልጎዳ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን የምሰማው ማኘካችንን ብቻ ነው። ቁስሏ ቅርፊት እስኪይዝ ጓንቱን በቆዳ ደረብኩት፣ ፑሌጃዋንም ዘይት ቀባኋት።

ዛሬ ቆርቆሮው እንደገና ይንኳኳል። ካይቱን ስትጠቀልል አጠገቧ ቆምኩ።

«ካስማውን እኔ ልጠብቅልሽ? ቁጭ ብዬም ቢሆን?»

ጓንቱን አጠለቀች፤ የደረብኩትን ቆዳ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው። ፑሌጃዋን ግን ከረጢቱ ውስጥ አልመለሰቻትም። በገመድ አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለቻት፣ ካይቱን ተሸከመችና ብቻዋን ወጣች።