የሐሙስ ጠዋት ቅኝት

…የለም፣ ጥፋቱ የሱ ነው፣ የማሽኑ እንኳ አይደለም፣ ጋዲሳ ጣቱን ከሲንተሳይዘሩ ላይ አንስቷል፣ የሰማው ነገር ግን ጥርሱ ውስጥ ቀርቷል፣ ከዱሬቲ ክራር ከፍ ብሎ ነው የገባው፣ የፀጉር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ፀጉር ወጥ ውስጥ ሲገኝ ትንሽ ነው የሚል ማን አለ።

የባንዱ መሪ ጋሼ ወልደአማኑኤል ሳክስፎኑን ከአፋቸው አውርደዋል። አላዩትም። ቢያዩት ይሻል ነበር፣ ቢሰድቡት።

የአዳማ አስር ሰዓት፣ የሆቴሉ ግቢ፣ የቆርቆሮ ጥላ፣ ሰዉ በፕሮግራሙ ወረቀት ፊቱን ያራግባል፣ ሱሩር ጉዱን አይቶ ከበሮውን ብቻውን መደለቅ ይዟል፣ ፋታ እየሰጠው ነው፣ ፕሮፌሰር፣ ቶሎ በላ ይላሉ ዓይኖቹ፣ ፕሮፌሰር የሚል ስም ያወጣለትም እሱ ነው፣ ጋዲሳ አንድ ነገር በጠየቁት ቁጥር ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ ስለሚጀምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ባንድ የሚቃኘው በክራር ነው፣ ዱሬቲ ክሮቿን ትቃኛለች፣ ሌላው ይከተላታል፣ ሲሞቅ ናይለኑ ይረግባል፣ ክራሩ ይወርዳል፣ ጋሼም የሳክስፎናቸውን መንፊያ ትንሽ ሳብ አድርገው አብረዋት ይወርዳሉ፣ ስድስት ዓመት እንዲህ፣ ማንም ለማንም ሳይናገር። እሱስ? ዛሬ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ ክራሩን ሰምቶ ማሽኑን በክራሩ ልክ ቃኘው፣ በራሱ ኮራ፣ እንዳይነካበት ብሎ የቅኝት ማዞሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፈ። ፕላስተር። ሁሉም ከቀኑ ጋር ወርደዋል፣ ማሽኑ ብቻ ሐሙስ ጠዋት ላይ ቆሟል።

ልጄ፣ ብለውታል ጋሼ ትናንት፣ ዕቃህን አልጠላሁም፣ ነገ እኛን ካልሰማ ግን ይበቃዋል። ይበቃዋል ማለት ይበቃሃል ማለት ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞጆ በሚኒባስ፣ ሲንተሳይዘሩን ታቅፎ፣ ሾፌሩ ሬሳ ነው እንዴ የያዝከው እያለ ሲያሾፍበት።

ይቁም? ማይኩን ይዞ ያስረዳ? ክቡራትና ክቡራን፣ ሙቀት በናይለን ክር ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፣ አፉ ሊከፈት ነው። ኧረ ዝጋ።

ፕላስተሩን በጥፍሩ ይልጣል፣ ላብ፣ አልላቀቅ አለ፣ ተላቀቀ። ዱሬቲ ገብቷታል፣ ወፍራሙን ክር ብቻ ትመታለች፣ ደጋግማ፣ እሱም ያንኑ ድምፅ ይይዛል፣ ሁለቱ ይፋተጋሉ፣ ዋ ዋ ዋ ዋ ይላል አየሩ፣ ሁለት ድምፆች ሊገጥሙ ትንሽ ሲቀራቸው እንዲህ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንብቧል፣ በተቀራረቡ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይዘገያል፣ አበዛው፣ አለፈ፣ ተመለስ፣ ሱታ ትለዋለች ዱሬቲ በኦሮምኛ፣ ከንፈሯ ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ ቀስ፣ ሱታ፣ ዋ… ዋ…… ዋ………

አንድ።

አንድ ድምፅ። ጣቱን አያነሳም፣ ሌላው እጁ ማዞሪያው ላይ ነው፣ ከዚያም አይነሳም፣ ክሩ ገና ይረግባላ፣ ፀሐይዋ አልወረደችም። ጋሼ አሁን ዞረው ያዩታል፣ ምን ሆነህ ነበር የሚል ፊት፣ ነገሩ እንዲህ… አይ። ይስሙት በቃ። ሱሩር ዝቅ ይላል፣ ሳክስፎኑ ይነሳል፣ አፋቸው ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ በሁለት ጣት፣ መንፊያውን ትንሽ ሳብ፣ ወደ ዱሬቲና ወደሱ ልክ