መንገድ የሳተው ሰባት ቁጥር

ትራፊክ ፖሊሱ ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጁ ወደ ግራ አመለከተ። ሾፌሩ ግን አውቶቡሱን አቁሞ ፊት ለፊቱን ያያል። የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ አስፋልቱን ገምሶታል፤ ቀይና ነጭ ጥብጣብ ተወጥሮበታል።

"ወደ ግራ እኮ ነው የምልህ፤ ምን ትጠብቃለህ?" አለው ትራፊኩ።

ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ ይዞ በሕይወቱ አይቶት ወደማያውቀው መንገድ ገባ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለት ትንንሽ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ያን መንገድ ከነጉድጓዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል። መምህርት ሚስቱ ዝውውር ስታገኝ ቤታቸውን ጠቅልለው ወደዚህ ትልቅ ከተማ መጡ፤ ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። የስምሪት ኃላፊው ሲቀጥሩት "ከተማውን ታውቀዋለህ?" ብለው ጠይቀውት ነበር። "እንደ እጄ መዳፍ" አላቸው አፉን ሞልቶ። ከዚያ ወዲህ የሰባት ቁጥርን መስመር እንደ ተማሪ ሸምድዷል፤ ከፋርማሲው ቀኝ፣ ከቢጫው ፎቅ ግራ። ከዚያች መስመር ከወጣ ግን ከተማው ለእሱ ዳርቻ የሌለው ባሕር ነው።

"ሾፌር፣ በየት በኩል ነው የምትወስደን?" አለች ትኬት ቆራጯ ከኋላው በር፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ።

"አውቀዋለሁ" አለ። ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

መንገዱ እየጠበበ ሄደ። የግራው ስፖኪዮ ከአንድ ሱቅ ደጅ የተሰቀሉትን ልብሶች ጠርጎ አለፈ። አቅጣጫ የተቀየረባቸው መኪኖች ሁሉ ከኋላው ተሰልፈው ክላክስ ያስጮሃሉ። ይህንን ስወጣ የማውቀው ቦታ ብቅ ይላል እያለ አንዱን መታጠፊያ አለፈ፤ ሁለተኛውንም አለፈ። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ቁልቁል ወረደ። ታች የባቡር ድልድይ አለ፤ ከብረት የተሠራና ዝቅ ያለ ነው። ከፍታውን የሚናገረው ሰሌዳ ተጨራምቶ ቁጥሩ አይነበብም።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንገዳገደ።

"ምነው ቆምክ?" አለ ከጀርባው የቆመ ባለ ከረባት ሰውዬ። "ያልፋል። በዚህ ስንቴ አልፌያለሁ መሰለህ።"

"በአውቶቡስ ነው?"

"በምንም ይሁን፣ ያልፋል አልኩህ። ሥራ ረፍዶብናል እኮ።"

"ንዳው በቃ" አለ ሌላ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጩኸታቸውን አበረቱት። ሾፌሩ ከጫማው ሥር ያለው ፍሬን እሳት የሆነበት መሰለው። ወርዶ ቢለካ አለማወቁ ሊታወቅበት ነው። እግሩን ትንሽ ላላ አደረገ። አውቶቡሱ በዝግታ ተንሸራተተ።

ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ።  ወርዶ ቀና ሲል አንቴናው ለሁለት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ሣጥን ከድልድዩ ብረት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላል። ብረቱ ላይ ከሱ በፊት የመጡ መኪኖች ቀለማቸውን ጥለው ሄደዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። አንድ እርምጃ ቢጨምር ኖሮ ሣጥኑ በሰው አናት ላይ ይወርድ ነበር። የአውቶቡሱን በር ይዞ ቆመ።

ትኬት ቆራጯ ወርዳ አጠገቡ ደረሰች።

"እህቴ፣ መንገዱን አላውቀውም" አላት።

"አላውቀውም ማለት?"

"ከሰባት ቁጥር መስመር ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።"

"ታዲያ እስካሁን የት ስትወስደን ነበር?"

"እግዜር ይወቅ።"

ትክ ብላ አየችው። ልትቆጣው ነበር፤ ተወችው። ወደ በሩ ዞራ "ሁላችሁም ውረዱ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ነው" አለች። ሰው እያጉረመረመ ወረደ። አንዲት ተሳፋሪ ባለ ከረባቱን "ያልፋል ያልከው አንተ አይደለህ? ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ" አለችው። ሰውዬው ሽቅብ ሄዶ ከኋላ ያሉትን መኪኖች እየለመነ ያስመልስ ጀመር።

ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር አንዲት አሮጊት አልተነሡም።

"እማማ፣ ይውረዱ እንጂ።"

"ጉልበቴ ደረጃ ሁለቴ አይችልም። ቀስ ብለህ ንዳ።"

የኋላ ማርሽ አስገባ። ትኬት ቆራጯ ከኋላ ሆና የአውቶቡሱን ገላ በመዳፏ ትመታለች፤ አንድ ሲሆን ና፣ ሁለት ሲሆን ቁም። በአንድ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በሌላው ቦይ ነው። የጋለ ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫውን ሞላው።

"ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉት አሮጊቷ።

"ሦስት ሳምንት።"

"እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ልጄ ቤት ስሄድ ዛሬም ሰው ጠይቄ ነው። ዓምና ምልክት ያደረግሁትን ቤት ዘንድሮ አፍርሰው ይጠብቁኛል።"

ከኋላ ሁለቴ ተመታ። ቆመ። ሲከፈትለት እንደገና ጀመረ።

"ወዴት እየሄዱ ነበር እማማ?"

"የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ።"

"አስመለጥኩዎት።"

"አዎ፣ አመለጠኝ" አሉ፤ ሊያጽናኑት አልሞከሩም። "ሌላ ቀጠሮ የሚሰጡኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው።"

ሾፌሩ ሽቅብ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ የወረደውን ሰው መልሶ ጫነ፤ ትኬት ቆራጯ ከጎኑ ቆማ በየመታጠፊያው ባለሱቅ እየጠየቀች መራችው። አሮጊቷ ሌላ ቀጠሮ ሊይዙ ሐኪም ቤቱ ፌርማታ ላይ ወረዱ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ በእግራቸው እየዳሰሱ።

እኩለ ቀን ላይ ተራውን ጨርሶ ስምሪት ቢሮ ገባ። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቅጽ ዘረጉለት።

"ሃምሳ ደቂቃ ዘግይተሃል። ትራፊክ ዘጋብኝ ብለህ ፈርም፤ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ደግሞ ነገ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሾፌር ጎድሎኛል። ታውቀዋለህ አይደል?"

የለመደው መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠው።

"አላውቀውም።"

"እንዴት?"

"ስቀጠር የነገርኩዎት ውሸት ነው። ከተማውን አላውቀውም። አንቴናውም የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።"

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። "የሙከራ ጊዜ ላይ ነህ። ይኼን ልጽፈው ነው።"

"ይጻፉት።"

ጻፉት። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። "ሌላ ሾፌር የለኝም። ነገ ጠዋት መስመሩን ካወቅከው ትነዳለህ፤ ካላወቅከው መታወቂያህን ታስረክባለህ።"

ሾፌሩ ከግቢው ሳይወጣ ለሚስቱ ደወለና "ለምሳ አትጠብቂኝ፤ ስመጣ የምነግርሽ አለ" አላት። የሥራ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ያዘ፤ እንደማንኛውም ሰው ሰልፍ ይዞ ትኬት ቆረጠና የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጣ። ከባለ ተራው ሾፌር ጀርባ ተቀመጠ።

"የት ወራጅ ነህ ወንድሜ?" አለው ባለ ተራው በመስታወቱ እያየው።

"እስከ መጨረሻው። ከዚያ ደግሞ አብሬህ እመለሳለሁ" አለ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመጀመሪያው ፌርማታ ማን ይባላል?"