ሁለት ዓይነት አርባ

ሾፌሩ እንግዳው እንዲህ አለ፦ «ኩርባው ላይ አርባ የሚል ምልክት አለ። አርባ ላይ ሆኜ ነው የገባሁት። መርፌዋ ከአርባ ንቅንቅ አላለችም፤ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ጥሩአየሁ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እንደ ጥይት ነው ያስወነጨፈን። ሻሼን ነፋስ ገፎ ወሰደው። የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፌ ደበደብሁት። ወዲያው ሎሪው ኩርባው ላይ ተንጋደደ፤ ወንድሜ ከነጆንያው ቁልቁል ወረደ።»

ሁለቱም ቃላቸውን የሰጡት በአንድ ጧት፣ መተማ ካለው የመንግሥት ሰሊጥ መጋዘን ጥላ ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ነው። የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ደምለው ሁለቱንም ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ። ማንን ቢያምን ሌላው ውሸታም ሊሆን ነው። እንግዳው በዚህ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሾፌር ነው፤ ጥሩአየሁ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደች ብትሆንም አጋና አታወራም።

ከጎኑ የተቀመጠው የደርግ ካድሬ ግን አልተቸገረም።

«የሚዋሽ ሰው የሚደብቀው አለው» አለ። «አርባ ላይ የሄደ መኪና ሰው አይጥልም። ይኸ የሕዝብን ሰሊጥ ሆን ብሎ መድፋት ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

በመጋዘኑ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ። በአሻጥር ተከሶ ወደ ጎንደር የተወሰደ ሰው ምን እንደሚገጥመው የማያውቅ አልነበረም። እንግዳውም ያውቃል፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

የጥሩአየሁ ዓይን ወንድሟ ላይ ነበር። ፈንቴ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። በሁለት እንጨት መካከል የታሰረው እግሩ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዛሬውኑ ጎንደር ካልደረሰ እግሩን ያጣል ብሏታል። ካድሬው ደግሞ ላንድሮቨሩን እያሳያት፣ «ጉዳዩ እንዳለቀ እስረኛውንም ወንድምሽንም አንድ ላይ እወስዳለሁ» ብሏት ነበር።

ይኸኔ የመጋዘኑ ዘበኛ ዓሊ፣ የሎሪው ጋቢና ውስጥ አንገቱን አስግጎ ቆይቶ ተመለሰ።

«መሪው በቀኝ ነው እያላችሁ ስትስቁ ሰነበታችሁ» አለ። «ከመርፌዋ ሥር የተጻፈውንስ ማን አየ? ይኸ ሎሪ የሚቆጥረው በማይል ነው።»

ሎሪው ከሱዳን ኮንትሮባንድ ጭኖ ሲገባ የተወረሰ፣ የድሮ የእንግሊዝ ሥራ ነው። አዝመራው ሲያጣድፍ «አውጡትና ሰሊጥ ይጫንበት» ያለው ራሱ ካድሬው ነበር። የመረመረው ሰው አልነበረም። እንግዳውም ይኸን ሎሪ ሲነዳ ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

«ምን ለውጥ አለው?» አለ ካድሬው። «አርባ ያው አርባ ነው።»

«የለም ጓድ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነድቻለሁ። የማይሉ አርባ በኛ ኪሎ ሜትር ስድሳ አራት ነው» አለ ዓሊ።

«ኧረ አንተስ ስትነዳ ግመል ነው የሚቀድምህ!» አለ አንዱ ከሠራተኞቹ መካከል። ጥቂቶች ሳቁ። ካድሬው ዞር ሲል ሳቁ ቀጥ አለ።

«የኮንትሮባንድ ሾፌር ወሬ ማስረጃ አይሆንም» አለ ካድሬው።

ደምለው የእጅ ሰዓቱን ፈታ። «የሎሪው ጉዳይ በሸንጎው እጅ ነው፤ እንሞክረዋለን። መንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንዱ ድንጋይ ሌላው እስኪደርስ የሰኮንዱ እጅ አንድ ዙር ተኩል ይዞራል። ቀድሞ ከደረሰ ዓሊ እውነቱን ነው።» ወደ ጥሩአየሁ ዞረ። «አንቺም ጭነቱ ላይ ውጪ። ነፋሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ካድሬውና ደምለው ከእንግዳው አጠገብ ጋቢና ገቡ። ጥሩአየሁ ያን ዕለት የተቀመጠችበት ቦታ ወጥታ ገመዱን ያዘች። ሎሪው ከመጋዘኑ ወጥቶ ሜዳውን ያዘ። መጀመሪያ ሞተሩ አጓራ፤ ቀጥሎ ጆንያዎቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«አርባ!» የሚል የደምለው ድምፅ በመስኮት መጣ።

ነጩ ድንጋይ አለፈ። ነፋሱ ነጠላዋን ገልቦ ፊቷ ላይ ለጠፈው። ይኸ ነፋስ ያው ያኔ የነበረው ነው። የታጨደው ማሳ ወደ ኋላ ይፈተለካል። ሳታስበው መዳፏ ጣሪያው ላይ አረፈ፤ ልትደበድብ ምንም አልቀራት። ሁለተኛው ድንጋይ አለፈ።

«አንድ ዙር እንኳ አልሞላም!» አለ ደምለው።

ሲመለሱ ካድሬው ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ከዚያ ወረቀት ስቦ ጻፈና ለጥሩአየሁ አነበበላት። ሾፌሩ ማይል መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ጣሪያው ሲደበደብ ሰምቶ ሆን ብሎ ነዳጅ ጨመረ ይላል ወረቀቱ።

«አሻጥር መሆኑን የሚያረጋግጥ የአንቺ ጣት ብቻ ነው» አላት። «አድርጊበትና እንነሳ። ያለዚያ ላንድሮቨሩ ሌላ ሥራ አለው።»

እውነትም እንግዳው ድብደባውን ሰምቶ ነበር። ጥሩአየሁ ይኸን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስትደበድብ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ አርባ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ጧት ይኸን አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃት፤ እሷም ንዴቷ አልበረደላትም ነበር።

«እግሬ ፈጥነሃል ይለኝ ነበር» አለ እንግዳው ለማንም ሳይሆን። «መኪናው አዲስ ስለሆነብኝ መርፌዋን አመንሁ። ጥፋቴ ይኸ ነው። ማይሉን ግን አላወቅሁም።»

«አድርጊና እንሂድ እንጂ!» አለ ፈንቴ ጥርሱን ነክሶ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ካድሬው የቀለሙን ሰፍነግ ወደ እሷ ገፋ። ጥሩአየሁ አውራ ጣቷን ነከረች። ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ቀና አለች።

«ዓሊ፣ የኛ አርባ በዚያ መርፌ ላይ ስንት ይመጣል?»

«ሃያ አምስት።»

ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ጥቁር ቀለሙ ጉልበቷ ላይ ቀረ። ወደ ደምለው ዞራ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አያ እንግዳው ሮጠዋል፤ ያልሁትን አልመልስም። ግን አርባ ላይ ነኝ ብለው ሲጮኹ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ይኸንንም ጻፉልኝ። ላንድሮቨሩ ይቅርብኝ። ወንድሜን ጎንደር የሚያደርሱት አያ እንግዳው ናቸው፣ በዚሁ ሎሪ። እኔም ጋቢና እገባለሁ፤ መርፌዋ ከሃያ አምስት አታልፍም።»